ለወፎች ክብር የቆሙ ማስፈራሪያዎች

የብራምፌን ሰው ክፉ አይደለም። እግሩን ብትረግጠው ይቅርታ የሚጠይቅህ እሱ ነው። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እዚያው ሽበት ያበቀልኩ ነኝ። ባለፈው ዓመት ወደ ኖርዊች በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እግሬ ላይ ቆማ ተጓዘች። ስትወርድ «ይቅርታ» ያልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ግሌኒስ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እሷ የዌልስ ሰው ናት፤ የሆዷን በአፏ ማውጣት ታውቅበታለች። እኛ ግን የሆዳችንን ሆዳችን ውስጥ አሳድረን፣ በላዩ ሻይ እንጠጣበታለን።

የታችኛው ሜዳ ጉዳይ የተበላሸውም፣ ኋላ የተቃናውም በዚሁ ጠባያችን ነው።

ሜዳው የጎረቤቴ የሚስተር ሄድሊ ፓስክ ነው። ወንዙ ዳር የተዘረጋ ሰፊ መሬት ነው። ድሮ ረግረግ ነበር ይባላል፤ አያታቸው ቦይ አስቆፍረው አደረቁትና ስንዴ ዘሩበት። ከዚያ ወዲህ ስንዴው በበጋ ይቃጠላል፣ በክረምት ይዋኛል። ፓስኮች ከአባት ወደ ልጅ ከዚያ ሜዳ ያፈሱት ምርት ቢኖር የጉልበት ቁርጥማት ነው። ሚስተር ፓስክም ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ የሚረከባቸው ልጅም ስላልነበር፣ ሊሸጡት ተነሡ።

ገዢ ቶሎ ተገኘ። ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩባቸውን ተጎታች ቤቶች በሰልፍ ሊደረድርበት የፈለገ ኩባንያ ነው። ችግሩ የሚስተር ፓስክ የወጥ ቤት መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው ሜዳውን ብቻ መሆኑ ነው።

«ጠዋት ተነሥቼ ሻይ ስጠጣ» አሉኝ አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «መቶ መስኮት መልሶ እንዲያፈጥብኝ አልፈልግም፣ ጎረቤት።»

«ታዲያ አይሽጡላ።»

«እኔማ አልሸጥም። ጉልበቴ ነው ሽጥ የሚለኝ።»

ሌላም መንገድ ነበር። በከተማ ያለ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ሜዳውን ገዝቶ ወደ ድሮው ረግረግነቱ ሊመልሰው፣ ለወፉ ውኃ፣ ለሰው ደግሞ መሄጃ መንገድና መቀመጫ ሊሠራበት ፈቃደኛ ነበር። ግን ሁለት ነገር በዓይኑ ማየት ፈለገ። አንደኛ፣ ውኃው ቢመለስ ወፎቹ በእርግጥ ይመጣሉ ወይ? ሁለተኛ፣ የመንደሩ ሰው ከልቡ ይፈልገዋል ወይ? ይህን የምታይ ፊሊፓ ዴንት የምትባል ሴት በግንቦት ወር አንድ እሑድ ትመጣለች ተባለ። እሷ አይሆንም ካለች ሰኞ ሚስተር ፓስክ ከኩባንያው ጋር ይፈራረማሉ።

ሚስተር ፓስክም የራሳቸውን ጨመሩበት። «ለማይፈልግ ሰው ስጦታ አይሰጥም» አሉ። «የመንደሩ ሰው ሜዳዬን ከወደደው፣ ጭቃውን ጫማው ላይ ልየው።»

የወፎቹ ነገር እንኳ ቀላል ሆነ። ሚስተር ፓስክ በክረምቱ የአንዱን ቦይ አፍ በሳንቃ ደፈኑት። የሜዳው ጥግ ውኃ ቋጠረ። ጸደይ ሲገባ አንድ ጠዋት በሬን ደበደቡ፤ ኮፍያ አላደረጉም፤ ያለ ኮፍያ ሳያቸው ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ኔቪል፣ ና ስማ!»

ወጥቼ ሰማሁ። «ፒ-ዊት! ፒ-ዊት!» የሚል ድምፅ። በአገራችን ፒዊት የምንላት፣ ራሷ ላይ እንደ ብዕር የቆመ ቁንጮ ያላት፣ ስትበር የሰከረች የምትመስል ወፍ ናት። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማኋትም ነበር። ሚስተር ፓስክ ዓይናቸውን ጠረጉና ነፋሱን ሰደቡ። ነፋስ አልነበረም።

የሰዉ ነገር ነው ያስቸገረው። ሰዉን የማንቀሳቀሱን ሥራ የያዙት ሚስ ካችፖል ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ የመንደሩን ግማሽ ያስተማሩት እሳቸው ስለሆኑ ዛሬም ሽማግሌው ሁሉ «ሚስ» ይላቸዋል። እኔን አስተምረው ምን እንዳተረፉ አትጠይቁኝ፤ የሣር ማጨጃ ማሽን እጠግናለሁ። ሚስ ካችፖል በየቤቱ እየዞሩ ስለ ሜዳው ተናገሩ። በየቤቱም «እንዴት ያለ ግሩም ሐሳብ ነው!» ተባሉ። በእኛ አገር ደጋግሞ «ግሩም» ከተባለልህ ማንም እንደማይመጣ እወቅ። በተጠራው ስብሰባ ላይ የመጣነው እኔ፣ ቄሱ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ባርናቢና ዝናብ ያስገባው አንድ መንገደኛ ነን።

ሚስ ካችፖል ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱ። «እስቲ ንገሩኝ፤ የብራምፌንን ሰው ከነልጁ፣ ከነውሻው ከቤቱ የሚያወጣው ምንድን ነው?»

«የማስፈራሪያ ቀን» አለ ባርናቢ።

እውነቱን ነው። በየዓመቱ በግንቦት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ለማስጠገን የወፍ ማስፈራሪያ ውድድር እናደርጋለን። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጭድና ከአሮጌ ልብስ ሰው የሚያህል ማስፈራሪያ ሠርቶ በየደጁ ያቆማል። የአሸናፊው ዋንጫ ትንሽ ነው፤ ቅናቱ ግን ትልቅ ነው።

«እንግዲያው» አሉ ሚስ ካችፖል ዓይናቸው እየበራ፣ «ዘንድሮ በየደጃችን ሳይሆን ታችኛው ሜዳ ላይ እናቁማቸው! ሰዉ ሁሉ ወደ ሜዳው ይገባል፣ ጭቃውንም ይረግጣል። እሑድ እንግዳዋ ስትመጣ ደግሞ መንደሩ በሙሉ እዚያ ይጠብቃታል!»

አጨበጨብን። እኔ ሞቅ አድርጌ አጨበጨብኩ። ቄሱ ሳል ቢጤ ያዛቸው፤ ባርናቢ ጢሙን ዳሰሰ፤ መንገደኛውም የሚናገረው ነገር ያለው መስሎ አፉን ከፈተ፣ ግን እንግዳ ስለሆነ መልሶ ዘጋው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ይሉሃል ይህ ነው።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት በኋላ መንደሩ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ባርናቢ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ሠርቶ መጣ። ሚስ ካችፖል ጣቷን የቀሰረች ቀጭን አስተማሪ ሠሩ፤ ቁርጥ ራሳቸውን ትመስላለች፤ ማንም ግን አልነገራቸውም። የእኔ ከማጨጃ ማሽን እጀታና ከግሌኒስ የድሮ መጋረጃ የተሠራ ሲሆን፣ አንዲት አሮጊት ቆም ብላ አይታው «ይሄ ደግሞ ድንኳን ነው?» ብላ ሄደች።

የሚስተር ፓስክ ግን ሌላ ነው። ሰውየው የዋንጫ ባለቤት ናቸው፤ መስኮታቸው ላይ የተደረደረው ዋንጫ ብርሃን ይከለክላል። የአባታቸውን ጥቁር ካፖርት አልብሰው፣ እጆቹ በነፋስ እንዲወራጩ አድርገው ያቆሙታል። ቁራ እሱን ሲያይ መንገድ ቀይሮ በሌላ ወረዳ ዞሮ ያልፋል። ዘንድሮም አመጡት፣ ከውኃው አጠገብ አቆሙት።

ቅዳሜ ሰው እንደ ጉድ መጣ። አይስክሬም የሚሸጥበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተይዞ፣ ገፍተው ያወጡት ሰዎች ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ሆነው እየሳቁ ፎቶ ተነሡ። ሚስተር ፓስክ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው የሰዉን ጫማ ሲያዩ ዋሉ። እንደዚያ ፊታቸው ፈክቶ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ዌልስ ዘመዶቿ ዘንድ ሰንብታ ያን ጠዋት የተመለሰችው ግሌኒስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኔቪል፣ ፒዊቶቹ የት ሄዱ?»

ውኃው ዳር አየሁ። ሰማዩን አየሁ። የሉም።

«ይመጣሉ» አልኳት።

«ይመጣሉ? ወፍ ኑልን ብለን ጠርተን፣ ሜዳ ሙሉ የወፍ ማስፈራሪያ ተክለን ነው የሚመጡት?»

ዞሬ ሜዳ ሙሉ የቆሙትን ማስፈራሪያዎች አየሁ። ግሌኒስ ግን ገና አልጨረሰችም። «እስቲ ንገረኝ፣ እዚህ አገር አንድ ሰው አላሰበውም?»

ያን ዕለት ምሽት ላይ በባርናቢ መጠጥ ቤት ተሰበሰብን። ግሌኒስ ነገሩን ፊት ለፊት አፈረጠችው። መጀመሪያ ባርናቢ ብርጭቆ እየወለወለ አፉን ከፈተ።

«እኔ እንኳ፣ ሐሳቡ ሲነሣ፣ ትንሽ እንግዳ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አለች ግሌኒስ።

«ሁሉም ሲያጨበጭብ?»

«እኔም ጸልዬበት ነበር» አሉ ቄሱ።

«ምን ብለው?»

«ሌላ ሰው እንዲናገር።»

ሚስ ካችፖል አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ራሴ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ። ግን ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር። ደስታችሁን ላበላሽ አልፈለግኩም።»

«እኛ ደግሞ ሐሳቡ የእርስዎ ስለሆነ ላናስቀይምዎ ብለን ነው፣ ሚስ» አለ ባርናቢ።

«በይሉኝታ ተያይዘን ገደል ገባን በሉኛ!» አለች ግሌኒስ።

እንደ ታየኝ ከሆነ፣ ከመንደሩ ሁሉ ነገሩ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን መናገር ደግሞ ስላፈርኩ፣ እንደ ሌላው ራሴን እየነቀነቅኩ «እኔም እኮ» አልኩ።

ነገ እንግዳዋ ከመምጣቷ በፊት ማስፈራሪያዎቹ ይነሡ ተባለ። ግን የውድድሩ ሕግ አለ፤ ዳኞች ሳያዩ የሰው ማስፈራሪያ አይነካም። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ያንሣ ተባለ። ይህም መልካም። የሚስተር ፓስክንስ ማን ያንሣ? ማንስ «ኩራትዎ የሆነውን ነቅለው ይጣሉት» ይበላቸው? ሽማግሌው ከተቀየሙ ሜዳው የተጎታቾቹ ነው። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ጫማቸውን አይተው ሲጨርሱ ወደ እኔ አዩ።

«ጎረቤታቸው ነህ» አሉኝ ሚስ ካችፖል፤ እሳቸው ሲያዙኝ ዛሬም እግሬ ራሱ ነው የሚነሣው።

ሚስተር ፓስክ ሻይ ቀዱልኝ። ተቀመጥን።

«ጥሩ ቀን ነበር» አልኩ።

«ጥሩ ቀን ነበር።»

«ነፋሱ ትንሽ...»

«ትንሽ።»

ሻይ ጠጣን።

«ጉልበትዎስ?»

«አለ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ስለ ድንች ተነጋገርን። ስለ ቄሱ ሳል ተነጋገርን። ሻዩ ቢያልቅም ባዶውን ኩባያ ፉት አልኩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ኩባያዬን ከእጄ ወሰዱ።

«ኔቪል፣ ባዶ ኩባያ የሚጠጣ ሰው የሚናገረው ነገር አለው።»

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ የአባታቸው ካፖርት በነፋሱ ይወራጫል። «ፒዊቶቹ ሄደዋል።»

«እ... አዎ። እንደዚያ የሚል ነገር ሰምቻለሁ።»

«ገና ሚስ ካችፖል መጥተው ሐሳቡን ሲነግሩኝ አውቄዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ከስንዴ ላይ ወፍ ሳባርር የኖርኩ ሰው፣ ማስፈራሪያ ወፍ እንደሚያስፈራ ይጠፋኛል?»

ኩባያ ባይወስዱብኝ ኖሮ ይወድቅብኝ ነበር። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

በጣታቸው የሜዳውን በር አሳዩኝ። «በዚያ በር ከአንተና ከፖስተኛው በቀር ሰው ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ሕፃን አዝለው ገቡ። እየሳቁ ገቡ። ውጡ ልበላቸው?»

«እሺ፣ የራስዎንስ ለምን አቆሙ?»

«ሁሉም ሲሠራ እኔ ብቀር ምን ይሉኛል?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ነገ እሑድ ነው። ከነገ ወዲያ ሰኞ ነው፤ የኩባንያው ሰው ከነብዕሩ ይመጣል።

«ማስፈራሪያዎቹ ይውጡ» አሉ ሚስተር ፓስክ። «የእኔን ራሴ አነሣዋለሁ። ሰዉ ግን ይቅር። ሴትዮዋ ሰዉንም ማየት አለባት።»

«ሰው ቆሞ ካዩም እኮ አይመጡም።»

«እንግዲያው አይቁም» አሉ።

እሑድ ጠዋት ብራምፌን የጭድ ዘመዶቹን እየተሸከመ ከሜዳው ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለአበባ ማኅበሩ ተይዞ ነበር፤ የአበባ ማኅበሩን ማስነሣት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ማስፈራሪያውን ያገኘበት ቦታ አስቀመጠ። የባርናቢ ንጉሥ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጠ። የሚስ ካችፖል አስተማሪ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጣቷን ቀስራ ቆመች። የቀሩት መጠጥ ቤቱ ደጅ ባሉት አግዳሚዎች ላይ ተደረደሩ።

ከዚያ ሰዎቹ ወደ ሜዳው ተመለስን፤ ከቁጥቋጦው አጥር ሥር ባለው ቦይ ዳር በሆዳችን ተኛን። መንደር በሙሉ፣ ቄሱም ጭምር። የማለዳውን ጸሎት ያን ቀን ያሳረጉት ፊታቸውን ሣር ውስጥ ቀብረው ነው። ሚስ ካችፖል የሚያወራ ሲያገኙ በዓይናቸው ብቻ ዝም ያሰኙታል። ሚስተር ፓስክ ያንን ጥቁር ካፖርት ከማስፈራሪያው ገፍፈው፣ ብርድ ስለነበር ራሳቸው ለብሰውት፣ ከሁላችንም ወደ ውኃው ቀረብ ብለው ተኙ። ጭዱ ገና ከእጅጌው አልተራገፈም። ሲተኙ ጉልበታቸው ያሰማውን ድምፅ እኔ ብቻ ሰማሁ።

ፊሊፓ ዴንት ቀድማ መጣች። የሆነውን ኋላ ራሷ ነገረችን። መንደሩ ውስጥ መኪናዋን አቁማ ወረደች። ሰው የለም። መጠጥ ቤቱ ደጅ ጭዶች ተቀምጠዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጭድ ቆሟል፤ የሚተነፍስ ነገር ግን የለም። ፌርማታው ላይ ያለውን ንጉሥ የሜዳውን መንገድ ጠይቃዋለች የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ትክዳለች። «ሕዝቡ የታለ?» እያለች ብቻዋን በሜዳው በር ገባች።

ከተኛሁበት ሆኜ አየኋት። ረጅም የከተማ ካፖርት ለብሳለች፣ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላለች። መነሣት ፈለግኩ፤ ልክ ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ «ፒ-ዊት!» ሲል ሰማሁ። ብነሣ ወፏ ትሄዳለች። ባልነሣ ሴትዮዋ ትሄዳለች። ሁላችንም ከጎናችን ያለው እንዲነሣ ጠበቅን፤ የተነሣ ግን የለም።

ሴትዮዋም ድምፁን ሰማች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ ከፊቷ ያለውን ሳታይ ወደ ውኃው ተራመደች፤ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ጭድ የተበተነበት ነገር አጠገብ ስትደርስ ዝቅ ብላ አየችው።

«አይ፣ አንዱን እዚሁ ረስተውታል» አለች ለራሷ። «ግሩም አድርገው ነው የሠሩት፤ ቁርጥ ሰው!» ከዚያም አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብላ ቆመች። የሚስተር ፓስክ እጅ ላይ።

ሚስተር ፓስክ አልተነፈሱም።

አንዲት ፒዊት መጣች። በአየር ላይ ተንገዳገደች፣ ተገለበጠች፣ ልትወድቅ ነው ስንል ተቃናች። ዞረች። ሴትዮዋ በሌላው እግሯ ላይ ያለውን ክብደት ወደዚህኛው አዛወረች፤ የሚስተር ፓስክ ጆሮ ሲቀላ ከሩቅ አየሁት። ግሌኒስ ክንዴ ላይ ጥፍሯን ሰካች። ወፏ ወረደች፤ ውኃው ዳር አርፋ ቁንጮዋን ቀጥ አደረገች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት፣ ከዚያም ሌሎች።

ፊሊፓ ዴንት መነጽሯን ዝቅ አደረገች። ድምፅዋ ያሳዝን ነበር። «ወፎቹስ መጡ። ሰው ግን የለም። ምን ያደርጋል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እመቤት» አለ ከመሬት የመጣ ቀጭን ድምፅ።

ሴትዮዋ ደርቃ ቀረች።

«ላስቸግርዎ አልፈለግኩም። ጊዜ ካለዎት ብቻ... እጄ ላይ ነው የቆሙት።»

ልትጮኽ አፏን ስትከፍት፣ ከቦዩ ዳር ሚስ ካችፖል ብቅ ብለው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እሽሽ! ተኚ!»

ያን ድምፅ ሰምቶ ያልታዘዘ ሰው ገና አልተወለደም። ፊሊፓ ዴንት ከነካፖርቷ ጭቃው ላይ ተኛች። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችን፤ ከአጥሩ ሥር እስከ ወንዙ ድረስ ጭቃ የተቀባ ፊት ሁሉ እያጮለቀ ነበር። ባርናቢ በጣቱ ሰላም አላት። ቄሱ ባርኔጣቸውን ከሣሩ ላይ ትንሽ አነሡላት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች በሹክሹክታ ወደ ሚስተር ፓስክ ዞራ። «እጅዎን ስረግጥዎ?»

«ወፏ እየወረደች ነበር።»

ሴትዮዋ እጃቸውን አየች፣ ወፏን አየች። ከዚያ ሳቅ አፈናት፤ አፏን በጓንቷ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ወፎቹ ግን አልሰሟትም። «በሥራዬ ብዙ ፊርማ አይቻለሁ» አለች፣ «ብዙ ንግግርም ሰምቻለሁ። ለወፍ ብሎ ሲረገጥ ዝም ያለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ከዚህ በላይ ምን እስኪያሳዩኝ ልጠብቅ?»

ወፎቹ እስኪጠግቡ ተኝተን ቆየን። ከዚያ ሁሉም ተነሣ፣ ከሚስተር ፓስክ በቀር። ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ተጋግዘን ስናነሣቸው የተሸከምነው እሳቸውን ይሁን ጭቃውን ለመለየት ያስቸግር ነበር። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ መንደሩን አንድ በአንድ ተመለከቱት። ጫማውን፣ ሱሪውን፣ ጢሙን፣ የቄሱን ነጭ ኮሌታ።

«ጭቃው ይበቃል» አሉ።

ሰኞ የኩባንያው ሰው ሲመጣ ሚስተር ፓስክ ሻይ ቀድተውለት፣ ስለ ድንች አውርተውለት ሸኙት። ምን እንደ ተነገረው የገባው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

የዘንድሮውን ዋንጫ ዳኞቹ ለማን እንደሰጡት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ለእኔ ድንኳን አይደለም። «ቁርጥ ሰው» የተባለው አሸነፈ፤ ሚስተር ፓስክ ራሳቸው።

እጃቸው ሳምንት ሙሉ አብጦ ነበር። ፊሊፓ ዴንት ኬክ ይዛ ልትጠይቃቸው መጣች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ገና ከበሩ ሳታልፍ ሽማግሌው ተነሥተው ተቀበሏትና እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

«ይቅርታ» አሉ፣ «እግርዎ በሚያርፍበት ቦታ እጄን አስቀምጬ።»